ግፊያውን አታግዱት፤ ታኮ አስገቡ

"ይታገድ" የሚለውን ቃል እንደ ስፖርት ደጋፊ የሚወድ ሰው አላየሁም። ሲሸነፍ ይታገድ፣ ሲደጋገምበት ይታገድ፣ ዓይኑን ሲሰለቸው ይታገድ። ያለፉትን ጥቂት ዓመታት የአሜሪካ ፉትቦል የተከታተለ ሁሉ ይህን ቃል ስለ አንዲት ስልት ሲሰማ ከርሟል። በእንግሊዝኛ "ተሽ ፑሽ" ይሏታል። በጨዋ አማርኛ "የመቀመጫ ግፊያ" እንበላት፤ ጨዋ ያልሆነውን ትርጉም እናንተው ታውቁታላችሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፣ ቡድኔም ኮማንደርስ ነው። ስልቷን ያነገሠው ፊላደልፊያ ኤግልስ ከእኛ ጋር በአንድ ምድብ ያለ፣ በየዓመቱ ቢያንስ ሁለቴ የሚገጥመን ጎረቤት ነው። ስለዚህ ከማንም ቀድሜ "ይታገድ" ማለት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አልልም። ይታገድ የሚሉት ሰዎች ሰነፍ ተማሪ ፈተናው ይሰረዝልኝ ሲል የሚሰማኝን ስሜት ነው የሚያሰሙኝ። ይህች ስልት ትቆማለች። ያስቆሟት ሰዎች አሉ፣ እንዴት እንዳስቆሟትም ታይቷል።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ እንዲህ ነው። አጥቂው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ 10 ያርድ ወደፊት ከሄደ ሌላ አራት ያገኛል፤ ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። እንግዲህ ሦስቱን ተጠቅሞ አንድ ያርድ ቢቀረውስ? አንድ ያርድ 91 ሴንቲሜትር ነው፣ የአንድ ሰው ሰፋ ያለ እርምጃ። ድሮ ብዙ አሰልጣኝ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ይፈራና ኳሱን በእግር አርቆ አስለግቶ ይገላገል ነበር። ኤግልሶች ከ2022 ወዲህ ይሄን ፍርሃት ጨርሰው ጥለውታል። ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ከመሃለኛው ሰው፣ ከሴንተሩ፣ ኋላ ተጠግቶ ይቆማል። ከፊቱ ያሉት ግዙፎች እግር ለእግር ተጣብቀው እንደሚድህ ሕፃን መሬት ላይ ይወርዳሉ። ከኋላው ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ኳሱ ሲነሳ ሁሉም ባንድ ላይ ይገፋል። በቃ፣ ይሄው ነው።

የቆመ መኪና ገፍታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ከባዷ የመጀመሪያዋ ስንዝር ናት። አራት ሰው ተራ በተራ ቢገፋ መኪናው ይስቅበታል፤ አራቱ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ብለው አንዴ ከገፉ ይነቃነቃል፣ ጎማው ከዞረ በኋላ ደግሞ አንድ ልጅም ይነዳዋል። የኤግልሶች ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ኳሱ መቼ እንደሚነሳ እነሱ ያውቃሉ፣ ተከላካዩ አያውቅም። በዚያች የሰከንድ ቁራጭ ጎማው ዞሯል።

አሁን ደግሞ ዳገት ላይ የቆመ ሚኒባስ አስቡ። ረዳቱ ምን ያደርጋል? ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ታኮ። ታኮ የሚገባው ጎማው ከመዞሩ በፊት ነው፣ የሚገባውም ከታች ነው። መኪናው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ደረቱን ለመኪናው የሚሰጥ ረዳት ካያችሁ ያ ረዳት አብዛኛው የኤንኤፍኤል ተከላካይ ነው። ቀና ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። እነሱም ከጉልበቱ በታች ገብተው ይዘውት ይሄዳሉ።

አብሮኝ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ፤ አሜሪካ ከገቡ 30 ዓመት አልፏቸዋል፣ ቡድኑንም የሚደግፉት የድሮ ስሙ ሳይቀየር ጀምሮ ነው። "ይሄ እኮ ጨዋታ አይደለም፣ የዳቦ ሰልፍ ግፊያ ነው" ይሉኛል። እኔም "ጋሼ፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ የሚገፉት እኮ ቆመው የሚያወሩት ናቸው" እላቸዋለሁ። አይስቁም።

ሳቃቸውን የወሰደችውን ቀን አውቃታለሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ነው። ኮማንደርስ ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ቀርቶት ፊላደልፊያ ገባ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ኤግልሶች ከጎል መስመራችን አንድ ያርድ ላይ ተሰለፉ። የእኛው ላይንባከር ፍራንኪ ሉቩ ኳሱ ሳይነሳ በሰልፉ ላይ ዘሎ ወዲያ ማዶ ወደቀ። ቅጣት። ደገመው፤ ዳግም ቅጣት። ሌላውም ሰው ቀድሞ ገባ። በመጨረሻ ዳኛው ማይክራፎኑን ከፍቶ፣ ይሄ ነገር ከቀጠለ ኤግልሶች ሳይጫወቱ ነጥብ ሊሰጣቸው እንደሚችል ለስታዲየሙ ሁሉ አስታወቀ። ብዙ ዓመት ጨዋታ ያየ ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ግፊያው መጣ፣ ጎሉ ገባ። ጨዋታው 55 ለ 23 አለቀ።

ብዙ ሰው ሉቩን ሳቀበት። እኔ ግን ሒሳቡ ይገባኛል። ከጎል አንድ ያርድ ላይ ቀድሞ የገባ ተከላካይ ቅጣቱ የቀረው ርቀት ግማሽ ነው። ከአንድ ያርድ ግማሽ፣ ከግማሹ ደግሞ ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ወደ ምንም ይጠጋል እንጂ አያልቅም። ማለትም በዚያ ቦታ ላይ መቀጣት ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ሰውየው የኳሱን መነሻ እየገመተ ሎተሪ ይቆርጥ ነበር፤ አንዱ ከወጣለት ኸርትስን በአየር ላይ ያገኘዋል። ይሄ ከዚህ በፊት ሠርቷል። በ2010 የፒትስበርግ ስቲለርሱ ትሮይ ፖላማሉ ከቴነሲ ታይታንስ ጋር ሲጫወቱ ልክ ኳሱ ሲነሳ በሰልፉ ላይ በሮ ኳርተርባኩን እዚያው ጥሎታል። ልዩነቱ ፖላማሉ ሰዓቱን መታ፣ ሉቩ አልመታም። እና ደግሞ ታኮ ከላይ አይገባም። ከላይ የሚመጣ ሰው፣ ያውም በሰዓቱ ቢመጣ፣ የሚያገኘው ኋላ ያሉትን ገፊዎች ነው፤ ጎማው ከታች እየዞረ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። በዚያው ቀን፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ካንሳስ ሲቲ ላይ ሌላኛው የግማሽ ፍጻሜ ተደረገ። ቡፋሎ ቢልስ 22 ለ 21 እየመሩ፣ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ገና ሲጀመር፣ አራተኛ ሙከራ ላይ አንድ ያርድ ፈለጉ። ኳርተርባካቸው ጆሽ አለን ከሊጉ ግዙፍና ጠንካራ ኳርተርባኮች አንዱ ነው። እነሱም ይህችኑ ግፊያ ይጠቀማሉ። ቺፍሶች አልዘለሉም። የአለን ዝንባሌ ወደ ግራ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ሰዎቻቸውን እዚያ አከማችተው ጠበቁት፣ ያዙትም። ኳሱ በትክክል የት ደረሰ በሚለው የቡፋሎ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። ቺፍሶች ኳሱን ተቀብለው ሄደው አገቡ፣ ጨዋታውንም 32 ለ 29 አሸነፉ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ስልት ፊት፣ አንዱ ቡድን በዳኛ ሲገሠጽ ሌላው የቤት ሥራውን ሠርቶ ወደ ሱፐር ቦውል ሄደ።

"ቡፋሎ ኤግልስ አይደለም" ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ስልቷ አስማት ብትሆን ኖሮ ለሁሉም በሠራች። ሕጉ ለ32ቱም ቡድን እኩል ነው፣ ስልቷንም ብዙዎች ሞክረዋታል፣ እንደ ኤግልስ የሆነላቸው ግን የሉም። በ2023 ኒው ዮርክ ጃያንትስ ሞክረው ያርዱንም አላገኙ፣ ሁለት ተጫዋቾቻቸውም ተጎዱባቸው። ኤግልስ ጋ ያለው የሰው ስብስብ ነው። ኸርትስ ኮሌጅ እያለ 600 ፓውንድ፣ ወደ 272 ኪሎ፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ይነሳ እንደነበር በሰፊው የሚነገርለት ሰው ነው። በግራ በኩል ያለው ጆርዳን ማይላታ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 165 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አውስትራሊያዊ ሲሆን ኤግልስ በ2018 ሲመርጡት በዕድሜው አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ አልተጫወተም ነበር፤ የመጣው ከራግቢ ነው። ያንን ሰው ፈልገው አምጥተው፣ ዓመታት ያስተማሩት እነሱ ናቸው። አሁን ሌላው ተነስቶ "ይሄ ፍትሃዊ አይደለም" ሲል ምን ልበለው?

ግን ተባለ። በ2025 ግሪን ቤይ ፓከርስ ስልቷ እንድትታገድ ሐሳብ አቀረቡ። መጀመሪያ ኳርተርባክን ብቻ የሚመለከት ነበር፣ ኋላ ማንንም ኳስ የያዘ ሰው መግፋት ይከልከል ወደሚል ሰፋ። ሜይ 21 የክለብ ባለቤቶች ድምፅ ሰጡ፦ 22 ለእገዳው፣ 10 ተቃውሞ። 24 ያስፈልግ ስለነበር ሳይጸድቅ ቀረ። ሁለት ድምፅ! በአንድ ቡድን ትጋት ምክንያት የሕግ መጽሐፍ ሊቀየር ሁለት ድምፅ ነበር የቀረው።

ምክንያታቸውን እንይላቸው። የመጀመሪያው ደህንነት ነው። ሰው ሲጎዳ ማየት የሚፈልግ የለም፣ እኔም አልፈልግም። ነገር ግን ሊጉ ራሱ ባለው መረጃ ከዚህች ስልት የሚመጣ የተለየ የጉዳት ቁጥር ማሳየት አልቻለም። የያኔው የቡፋሎ አሰልጣኝ ሾን ማክደርሞት ለደህንነት ሲባል ትቅር ከሚሉት ዋናው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ከአለን ጋር ሲጠቀሙባት ኖረዋል። ያስጨነቃችሁ አደጋ ከሆነ ለምን ቅዳሜ ተጨንቃችሁ እሑድ ትገፋላችሁ?

ሁለተኛው "ይሄ ፉትቦል አይደለም" የሚለው ነው። ኳስ የያዘን ሰው ከኋላ መግፋት በኤንኤፍኤል የተከለከለ የነበረበት ጊዜ ነበር፣ እውነት ነው፤ ክልከላው የተነሳው ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ለምን ተነሳ? ዳኞች ማየት ስላልቻሉ። በሰው ክምር ውስጥ ማን ማንን ገፋ? በ2005 ኦክቶበር ላይ፣ በኮሌጅ ጨዋታ፣ ዩኤስሲ ከኖትር ዳም ሲጫወቱ ሬጂ ቡሽ ኳርተርባኩን ማት ላይናርትን ከኋላ ገፍቶ ወደ ጎል አስገባውና ዩኤስሲ 34 ለ 31 አሸነፈ። መግፋት በኮሌጅ ሕግ የተከለከለ ነበር። ዳኛ ግን ጨርቅ አልወረወረም። በሚሊዮን ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ! እንዲህ ያለ የማይተገበር ክልከላ ነው እንዲመለስ የሚፈልጉት። ያኔ ግፊያው አይቀርም፤ ማን ገፋ የሚለው ብቻ የዳኛ ፈቃድ ይሆናል።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?

ታኮው ሁለት ሰው ነው። ከሴንተሩና ከግራው ጋርድ ፊት ያሉት ሁለቱ የመከላከያ ግዙፎች ሥራቸው ኸርትስን መያዝ አይደለም፤ እሱን አያዩትም እንኳ። ሥራቸው መሬት ነው። ከአጥቂዎቹ ትከሻ በታች ገብተው፣ ጉልበታቸውን ከሥራቸው ሰብስበው፣ ፊታቸው ያለውን ሰው ቀና ማድረግ ወይም እዚያው ክምር መሥራት። ክምሩ በእነሱ በኩል ከተሠራ ኸርትስ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ይህ ክብር የሌለው ሥራ ነው፤ ስምህ አይጠራም፣ ሰው ላይህ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ይመስለኛል ብዙው የማይሠራው።

ከዚያ ከኋላቸው የሚገፋ ያስፈልጋል። ይሄን ብዙ ደጋፊ አያውቀውም፦ በተራ ሙከራ ላይ ተከላካይ የራሱን ሰው ከኋላ እንዳይገፋ የሚከለክለው የለም። የተከለከለው ኳሱ በእግር ወደ ምሰሶው ሲለጋ ነው። እንግዲህ እነሱ ሦስት ሰው ከኋላ ካስገፉ እኛ ለምን ሁለት ላይንባከር ቀና አድርገን "ምን ይመጣ ይሆን" እያሉ እንዲያዩ እናቆማለን? እርግጥ አንድ አደጋ አለ፤ ኤግልሶች ከዚሁ አሰላለፍ ተነስተው ኳሱን ወደ ዳር ወርውረው ያውቃሉ፤ ሁሉንም መሃል ካከማቸህ ዳሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ዳር ላይ አንዳንድ ሰው ይቅር። እሱም ካመለጠው ያምልጠው፤ በየሳምንቱ በመሃል ከመበላት አንዴ በዳር መበላት ይሻላል።

ሌላው ኳሱ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ክብደት ሲያወራ ኳሱን የያዘው ሰው በግፊያ መካከል መሆኑን ይረሳል። በ2025 ኖቬምበር 28፣ ከምስጋና ቀን ማግስት፣ ቺካጎ ቤርስ ፊላደልፊያ ሄደው የኸርትስን ግፊያ አልጠበቁም፤ ናሾን ራይት የሚባለው የዳር ተከላካይ ገብቶ ኳሱን ከእጁ ነጥቆ ይዞት ወጣ። የዳር ተከላካይ! በመስኩ ላይ ካሉት ሰዎች ቀጫጭኖቹ መካከል አንዱ። ቤርስ 24 ለ 15 አሸነፉ። ሁለት እጁ ኳስ ላይ፣ ሦስት ሰው ከኋላ እየገፋው፣ ሁለት ከፊት እየገፉት ያለ ሰው እጁ ይላላል። አንድ ሰው ያንን ብቻ እንዲያስብ መመደብ ነው።

ትልቁ ግን ከሁሉም በፊት የሚመጣው ነው። ግፊያዋ የምትመጣው አንድ ያርድ ሲቀር ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ አራት ያርድ እንዲቀራቸው ካደረግህ ሦስት ያርድ ሰጥተሃቸው ነው የሚገፉህ። ለኤግልስ 10 ያርድ የሚባል የለም፤ ሁልጊዜ የሚጫወቱት ለ9 ነው፣ አሥረኛው በኪሳቸው ነው። ይሄን የተረዳ አሰልጣኝ የመጀመሪያውን ሙከራ እንደ አራተኛው ይከላከላል። ያልተረዳው ሦስት ሙከራ ሙሉ ወደኋላ እያፈገፈገ ሰጥቶ፣ አራተኛው ላይ ሲበላ "ሕጉ ነው" ይላል።

እዚህ ላይ ለተከላካዮቹ የምቆምበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም ዳኝነቱ ነው። በ2025 ሴፕቴምበር 14 ኤግልስ ቺፍስን ካንሳስ ሲቲ ላይ 20 ለ 17 ሲያሸንፉ የመስመር ሰዎቻቸው ኳሱ ሳይነሳ ሲነቃነቁ የቴሌቪዥን ካሜራ በደንብ አሳይቷል፤ ፊሽካ ግን አልተነፋም። ከዚያ በኋላ ነው ሊጉ ዳኞቹን ጠበቅ አድርጋችሁ እዩ ያላቸው። ስልቷ በሰከንድ ቁራጭ ላይ የቆመች ናት ብያለሁ፤ ያቺን ቁራጭ በስርቆት ከወሰዷት ታኮ የሚያስገባ ሰው ምን ይችላል? ተከላካይ ቀድሞ ከገባ ይቀጣል፤ አራተኛ ሙከራ ላይ ከሆነ ደግሞ አምስት ያርዱ ለአጥቂው አዲስ አራት ሙከራ ይሆንለታል። አጥቂው ቀድሞ ሲነቃነቅ ግን ዝምታ። ይሄ ነው ፍትሃዊ ያልሆነው።

ከዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 ደግሞ የጃያንትሱ ኬቮን ቲቦዶ በግፊያው መሃል ኳሱን ከኸርትስ እጅ መንጭቆ አወጣ። ዳኞቹ ሰውየው ወደፊት መሄዱ ቆሞ ነበር፣ ኳሱ ሞቷል አሉ። ይህ ውሳኔ ደግሞ በቪዲዮ አይመረመርም፤ ኳሱ ከኤግልስ ጋር ቀረ። ክምሩ እየተንቀሳቀሰ እያለ ጨዋታው ሕያው ነው፤ ተከላካዩ ኳሱን ሲነጥቅ ግን ሞቶ ነበር ይባላል። አንዱን ምረጡ። ወይ ሲቆም ወዲያው ፊሽካ ንፉና ከዚያ በኋላ የተገፋውን ያርድ አትስጡ፣ ወይ እስከሚወድቅ ድረስ ተዉትና ኳሱን የነጠቀ ይውሰድ። ፓከርስ ለእገዳ ያወጡትን ጉልበት ለዚህች አንዲት ጥያቄ ቢያውሉት፣ ኸርትስ በየሳምንቱ በአሥር እጅ መካከል ኳስ ይዞ ለመቆም ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር። የኸርትስ እጅ ካመነታ ደግሞ ከኋላ ያሉት ገፊዎች ምንም ትርጉም የላቸውም።

ጋሼ ይሄን ሁሉ አድምጠው "አንተ ኤግልስ ሆነሃል" አሉኝ። አልሆንኩም። ሱፐር ቦውል ላይ ኤግልስ ቺፍስን 40 ለ 22 ሲያሸንፉ፣ የመጀመሪያዋ ጎል በዚህችው ግፊያ ስትገባ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ልብስ ልታጠብ ሄጃለሁ። ስለማልወዳቸው ነው መሸነፋቸውን በሜዳ ማየት የምፈልገው። በቢሮ፣ በድምፅ ብልጫ፣ በ24 ባለሀብት እጅ የተሸነፈ ኤግልስ ለእኔ ምንም አይሠራልኝም።

ከእነሱ ጋር ስንገናኝ ማየት የምፈልገውን ልንገራችሁ። አራተኛ ሙከራ ነው፣ አንድ ያርድ ቀርቷል፣ ኸርትስ ጎንበስ ብሏል፣ ማይላታ መሬት ላይ ወርዷል። የእኛ ሁለት ግዙፎች ከእነሱ ዝቅ ብለው አገጫቸው ሣሩን ሊነካ ምንም አልቀረው። አንዱ የዳር ተከላካይ ዓይኑን ኳሱ ላይ ተክሏል። ሉቩም ከግዙፎቹ ኋላ፣ ሁለት እጁ ጀርባቸው ላይ፣ ሁለት እግሩ መሬት ላይ።